ንብ በቀን ያሻገርን ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከቢሮ ስወጣ ግቢው ውስጥ የተከመረውን ማዳበሪያ ሰማያዊ ሸራ አልብሰውት አገኘሁ። ቀትር ነበር። ሸራው ፀሐይ ላይ ግሎ ያ ጎማ ጎማ የሚለው፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጠው ሽታ መጣብኝ። እግሬ ቆመ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «ምነው፣ ዕቃ ረሳሽ እንዴ?» ስትለኝ «አዎ» ብዬ ሸኘኋትና እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ምን ብዬ ላስረዳት? እንደዚህ ያለ ሸራ ሥር አንድ ሰዓት ሙሉ ተኝቻለሁ፣ ከላዬ ንብ ነበር፣ ከታቼ አዞ ነበር ብላት ፀሐይ መታት ትላለች።

አንተም ጀልባ ስልህ አትሳቅ። የዋግ ሰው ስለ ጀልባ ሲያወራ የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ ከድንጋይና ከገደል በቀር ምን አላችሁ ይሉናል። ተከዜ ከተገደበ ወዲህ ግን የእኛው የዋጉ ዝቋላ ቆላ ሐይቅ ዳር ሆኗል፤ ትናንት ማሽላ ሲኮተኩት የነበረ ሰው ዛሬ መረብ ይጥላል። እኔም በዚያ ውሃ ላይ ስድስት ሳምንት ኖሬያለሁ። ሄጄ አየሁት አላልኩህም፤ ኖሬያለሁ ነው ያልኩህ። በልቼበታለሁ፣ ተኝቼበታለሁ፣ ፀጉሬን ጎንጉኜበታለሁ።

ያኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ ዘጠነኛን መማር ለእኛ ማለት ሰቆጣ መግባት ነው፣ ሰቆጣ ደግሞ ከመንደራችን በእግር አንድ ቀን ተኩል ይሆናል። እናቴ ሕፃን ሳለሁ ነው የሞተችው። አባቴ ብቻዬን ከተማ ሊሰደኝ አልወደደም። «ብቻሽን አልልክሽም፤ እኔ ደግሞ ንቦቹን ጥዬ የት እሄዳለሁ?» አለ፤ ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ። አንድ ዓመት ቤት ዋልኩ። አንዴ ሽማግሌ ተልኮብኝ በስንት ልቅሶ ተመለሰ። በሚመጣው መስከረም ትምህርት ቤት ካልገባሁ ሁለተኛ የሚመጡትን ሽማግሌዎች የሚመልስ እንደሌለ አውቀዋለሁ።

አባቴ ንብ አርቢ ነው፤ አባቱም ንብ አርቢ ነበር። በደጉ ጊዜ ቀፎዎቹ ጓሮውን ሞልተው አጥሩ ላይ ሁሉ ይሰቀሉ ነበር አሉ፤ እኔ አልደረስኩበትም። እኔ የደረስኩት ድርቁ ላይ ነው። አበባ ሲጠፋ ንቦቹ አንድ በአንድ እየከዱት ሄዱና በመጨረሻ አራት ቀፎ ብቻ ቀረው። አራቱን እንደ ልጅ ነበር የሚያያቸው። ሲቆጣኝ በአማርኛ ነው፤ ለንቦቹ ግን ሁልጊዜ በአያቶቹ ቋንቋ በኽምጣኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚያወራው። አንዳንዴ እቀና ነበር፣ እውነቴን ነው።

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ግድቡ ላይ ዓሣ ያጠምዳል። ግንቦት ላይ ከወዲያኛው ማዶ ትንሽ ዝናብ ጥሎ ግራሩ ሊያብብ ነው የሚል ወሬ ላከ። አባቴ ይህን ሲሰማ ቀፎዎቹን በአህያ ጭኖ፣ እኔንም አስከትሎ ወደ ውሃው ወረደ። ያን ቀን መንገድ ላይ ያለኝን አልረሳውም። እነዚህ አራቱ ማዶ ደርሰው አበባ ካገኙ ክረምቱን ይበዛሉ፣ እኛም አገራችን ላይ እንኖራለን አለኝ። ካልሆነ ግን ሰቆጣ ገብቼ ዘበኛ እሆናለሁ አለ። ዘበኛ እሆናለሁ ያለው እለምናለሁ እንደሚል ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው። እኔ ግን ሌላውን አልሰማሁም፤ የሰማሁት «ሰቆጣ» የሚለውን ብቻ ነው። ንቦቹ ከዳኑ እኔ እዚያው እቀራለሁ። ንቦቹ ካለቁ ዘጠነኛ ክፍል እገባለሁ። ይህን ማንም ሳያስረዳኝ፣ አህያዋን ከኋላ እየነዳሁ ነው የተረዳሁት።

ግራሩ እስኪያብብ ቀፎዎቹን ወዲህኛው ዳር አስቀምጠን እኛ የአጎቴ ጀልባ ላይ ገባን። ዳሩ ላይ ጅቡም እባቡም ስለሚበዛ አጎቴ ራሱ የሚያድረው እዚያው ነው። ጀልባዋ የጣውላ ናት፤ ርዝመቷ ሰባት እርምጃ፣ ከሰባቱ ሦስቱ በሰማያዊ ሸራ የተሸፈነ። ሰባት መሆኑን የማውቀው ስድስት ሳምንት ሙሉ ስለረገጥኩት ነው። እኔ በተፈጥሮዬ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። እሄድና የጀልባዋ አፍንጫ ላይ እቆማለሁ፣ እመለስና የዓሣው ገንዳ ላይ እቆማለሁ። አጎቴ «የእህቴ ልጅ፣ ጀልባዋን አንቺው ልታደርሻት ነው እንዴ?» እያለ ይቀልድብኛል። ሌሊት ውሃው ጣውላውን ጠብ ጠብ ሲያደርገው፣ ከሩቅ ጉማሬ ሲያጓራ፣ የአምባዛው ዓሣ ሽታ ከብርድ ልብሴ አልለቅ ሲል፣ ዓይኔን አፍጥጬ ሰቆጣን አስባለሁ። አይቻት የማላውቃትን ከተማ መንገዷን ሁሉ ለራሴ ሠርቼ ጨርሻለሁ።

ግራሩ አበበ ተባለና የሁለቱ ሰዎች ክርክር ተጀመረ። አባቴ ንብ በጨለማ እንጂ በቀን አይጓጓዝም አለ፤ አባቱም አያቱም በሌሊት ነው ያጓዙት። አጎቴ ደግሞ በጨለማ ይህን ውሃ አልቀዝፍም አለ። ሌሊት ጉማሬው ለግጦሽ ይወጣል፣ ውሃው የዋጣቸው ዛፎችም የጀልባ ሆድ ይቀድዳሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለት ቀን ተኳረፉ፣ በዚያች ሰባት እርምጃ በምታክል ጀልባ ላይ። በመጨረሻ አስታረቅናቸው ልበልህ፣ ያው አስታራቂዋ እኔው ነኝ። ማምሻውን ንቦቹ ሲገቡ የቀፎዎቹ አፍ በእበት ይመረጋል፣ ጎህ ሲቀድ ይጫናሉ፣ ሁለት ሰዓት ቢቀዘፍ ፀሐዩ ሳይጠነክር ማዶ ይደረሳል። ጥሩ ሐሳብ ነበር።

ያበላሸው አባቴ ነው። አመሻሽ ላይ አጎቴ መረብ ሲያጥፍ ጀልባዋን ዳር ካለ ጉቶ ጋር ያሰራት እሱ ነው፤ ያሰራትም በሬ እንደሚታሰር ነው። በእኛ አገር በሬ በረጅም ገመድ አይታሰርም፤ እግሩ ይጠላለፋል፣ ወይ የሰው አዝመራ ገብቶ ጠብ ያመጣል። የሚጠነቀቅ ሰው አሳጥሮ፣ አጥብቆ ያስራል። አባቴም ተጠንቅቆ አሳጥሮ አጥብቆ አሰራት። ሌሊት ውሃው ሸሸ። ግድቡ ሲለቀቅ ዳሩ እንደሚጎድል የሚያውቀው አጎቴ ነው፣ የደጋው በሬ አሳሪ አያውቅም።

እኔ የነቃሁት ስንሸራተት ነው። የጀልባዋ አፍንጫ በገመዱ ተንጠልጥሎ ወደ ላይ፣ ኋላዋ ጭቃው ላይ፣ ሦስታችንም ከነብርድ ልብሳችን፣ ከነመቅዘፊያው፣ ከነድስቱ የዓሣው ገንዳ ላይ ተከምረናል። ገንዳው ውስጥ ደግሞ ክንድ የሚያክል አርጃኖ፣ ያ ትልቁ የውሃ ዳር እንሽላሊት፣ ገብቶ የትናንቱን ቆሮሶ ዓሣ ሲበላ ደርሰንበታል። ማን የበለጠ እንደደነገጠ አላውቅም። አርጃኖው በአጎቴ ደረት ላይ ተሻግሮ ጭቃው ውስጥ ገባ። አጎቴ ቀና ብሎ ገመዱን አየ፤ ከዚያ አባቴን አየ። «በሬህ አድራለች» አለው።

ቋጠሮው ከክብደቱ የተነሣ አልፈታ አለ። አጎቴ ያለችው አንድ ገመድ ናት፣ አልቆርጥም ብሎ ብዙ ታገለ፤ ኋላ እየተራገመ ቆረጣት። ጀልባዋ ጭቃው ላይ ወደቀች። ሦስታችንም እስከ ጉልበታችን ገብተን መግፋት ጀመርን። ጎህ ቀደደ፣ ነጋ፣ እኛ ገና ጭቃ ውስጥ ነን።

ዝንጀሮዎቹ የመጡት ያኔ ነው። ከገደሉ ላይ ተንጠባጥበው ወረዱ፣ ለውሃ። ቀፎዎቹ ዳሩ ላይ ተደርድረዋል፣ ከጎናቸው የስንቅ ከረጢታችን አለ። አንዱ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ ቀፎ ላይ ጆሮውን ጣል አደረገና የሰማው ነገር አልጣመውም መሰለኝ ዘሎ ራቀ። ከረጢቱን ግን አልራቀውም። ዳቦውና ቆሎው እንኳ ይቅር፤ አባቴ ኩበት የሚያጨስበት ገልና ክብሪቱም እዚያው ውስጥ ነበሩ። ንብ ሲቆጣ የሚያበርደው ጭሱ ነው። አባቴ በጭቃ ልብሱ ገደሉ ድረስ ተከተላቸው። ዝንጀሮው አለት ላይ ተቀምጦ የክብሪቱን ቀፎ ጆሮው ሥር አድርጎ ሲያንኳኳው አይቼ በሳቅ ልሞት ነበር። አባቴ ግን ባዶ እጁን ሲመለስ ፊቱን አይቼ ሳቄን ዋጥኩት።

ይቅር፣ ነገ እናድርገው አለ አጎቴ። አባቴ እንቢ አለ። ንብ አፏ ተመርጎ ሁለት ቀን አትውልም፤ ከፈትናት ደግሞ ያለ ጭስ መልሰን አንዘጋትም። ስለዚህ ጫንን። ቀፎዎቹን ከመሃል ደርድረን በእርጥብ ጆንያ ሸፈንናቸው። አባቴ ጣሳ ሰጠኝና ሥራዬን ነገረኝ፦ ጆንያው እንዳይደርቅ ከሐይቁ እየጨለፍኩ ውሃ ማርከፍከፍ። ቀፎው ከጋለ ሰሙ ይላላል፣ የማሩ እንጀራ ይወድቃል፣ ንቦቹ በገዛ ማራቸው ይሰምጣሉ አለኝ። እሺ አልኩ። ስንነሣ ፀሐይዋ ተራራውን ለቃ ወጥታለች። መጀመሪያ በትጋት ነበር የማርከፈክፈው።

ግማሽ መንገድ ላይ አጎቴ ጥሎት ያደረው ሌላው መረቡ መንገዳችን ላይ ስለሆነ አይቼው ልለፍ አለ። አባቴ «አሁን?» አለ፤ አጎቴ ግን ጠዋት በአባቴ ጥፋት ገመዱን የቆረጠ ሰው ስለነበር የሚከራከረው አልነበረም። መረቡን ጎተተው። ከበደ። አምባዛ ነው ብሎ ደስ አለው፣ እኔም ላግዘው ጣሳውን ይዤ አጠገቡ ተንበረከክሁ። መጀመሪያ የወጣው አፍንጫ ነው። ከዚያ ዓይን። አዞው ዓሣውን ሊበላ ገብቶ ተጠላልፎ ኖሯል፤ ፊቴና ፊቱ አንድ ክንድ አይራራቁም ነበር። አጎቴ መረቡን ለቀቀው፣ አዞው ግን አልለቀቀንም። ሲገላበጥ በጅራቱ ጀልባዋን አላትና አንደኛው ቀፎ ተንከባሎ ከጎኗ ተጋጨ። እበቱ ተሰነጠቀ።

ንብ ሲወጣ መጀመሪያ ምንም ድምፅ የለውም፤ ከዚያ ድምፅ ብቻ ይሆናል። አጎቴ ሊዘል አንድ እግሩን አነሣ። ውሃው ውስጥ ያለውን አስታወሰና እግሩን መለሰ። ያን ጊዜ ያየሁትን ፊት ዛሬም ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ዕለት ግን ሳቅ የት አለ። አባቴ ሁለታችንንም አንገታችንን ይዞ ጀልባዋ ወለል ላይ አስተኛንና ሸራውን ከእንጨቱ ነቅሎ ላያችን ላይ ጣለው፤ ራሱም ገባ። አንድ ሰዓት ይሆናል። ሸራው ይግላል፣ ላቡ ዓይን ያቃጥላል፣ ንቦቹ ላዩ ላይ እንደ ጠጠር ጠብ ጠብ ይላሉ። አጎቴ የዓይኑ ቆብ ላይ ተነድፎ ያቃስታል። ጀልባዋን የሚይዝ የለም፣ ነፋሱም ተነሥቷል፤ ወዴት እንደምትሄድ የምናውቀው በጎናችን ስንንከባለል ብቻ ነው።

ንቦቹ ቀስ በቀስ በርደው ወደ ተሰነጠቀው ቀፏቸው ተመለሱ። ሸራውን ገልጠን ብቅ ስንል ነፋሱ ገደል የከበበው ጥግ ውስጥ ጨምሮናል። ከፊታችን፣ በእኛና በሰፊው ውሃ መካከል፣ ጉማሬዎች ተኝተዋል። ጆሮና አፍንጫቸው ብቻ ይታያል። አንዲቷ ግልገል ይዛለች። አጎቴ አንዱ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል፣ በአንዱ እያየ በሹክሹክታ ማንም መቅዘፊያ እንዳይነካ አለን። ግልገል የያዘች ጉማሬ ጀልባ አትወድም። እስኪሄዱ እንጠብቃለን አለ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ቆማለች፣ ዛፍ የለም፣ ነፋሱም እዚያ ጥግ አይገባም።

አሁን ልብ ብለህ ስማኝ፣ የምነግርህ ነገር ይህ ነውና።

አባቴ ከጎኔ ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠና ቀስ ብለሽ አርከፍክፊ አለኝ። ጣሳው እጄ ላይ ነው። ውሃው ከክርኔ ሥር ነው። እጄን ሰደድኩና ውሃውን ሳይነካ መለስኩት። ጥቁር ነበር፣ የዚያ አዞ ዓይን ከሥሩ ያለ ይመስለኛል። ፈራሁ። ፈርቻለሁ፣ ይህ እውነት ነው። ግን ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ «አባ፣ ፈራሁ» እለው ነበር፤ እሱም ጣሳውን ይቀበለኝ ነበር። እኔ ግን እንዲህ አላልኩም። ትንሽ ቆይቶ «አርከፈከፍሽ?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት።

ጆንያዎቹ ደረቁ። ዳራቸው ላይ ጭቃው ነጭ ሆኖ ሲሰነጣጠቅ አያለሁ። የቀፎዎቹ ጩኸት በመጀመሪያ ከፍ አለ፣ ጣውላው ሁሉ እግሬ ሥር እስኪንቀጠቀጥ ድረስ፤ በሺህ የሚቆጠር ክንፍ ቤቱን ለማቀዝቀዝ እየታገለ ነው። እኔ ጉማሬዎቹን የማይ መስዬ በልቤ ሰቆጣን አስባለሁ። ደብተር፣ ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ በር ላይ የሚደወል ደወል። ከዚያ ጩኸቱ ዝቅ እያለ መጣ። ከአንደኛው ቀፎ ሥር ቀጭን የማር መስመር ወጥቶ ወደ እግሬ ፈሰሰ፤ ውስጡ ንቦች ነበሩበት። እግሬን ሰበሰብኩ።

አባቴ ያን ጊዜ ተነሣ። ጉማሬውንም አጎቴንም ሳይሰማ ቢላዋውን አውጥቶ እበቱን ፈነቀለ። ከሦስቱ ቀፎዎች የወጣ የለም። እጁን ሰዶ ሲያወጣው እስከ ክንዱ ድረስ ማርና ሰም፣ ክንፋቸው የተጣበቀ ጥቁር ንብ። አንድም አልነደፈችው። አራተኛው፣ ያ ተንከባሎ የተሰነጠቀው፣ በስንጥቁ አየር ስላገኘ ተርፎ ነበር። ሲከፈት ንቦቹ ከነአውራቸው ወጥተው አንዴ ጀልባዋን ዞሯትና ከውሃው ወጥቶ በሚታይ ደረቅ ዛፍ ጫፍ ላይ ተሰበሰቡ። ቅርብ ነው፣ መቅዘፊያ አራት አምስቴ ቢነካ ይደረሳል። ጉማሬዎቹም በዚያው ሰዓት ወደ ገደሉ ጥላ መሳብ ጀምረዋል።

«ልቅዘፍ? ባዶ ቀፎ አለህ፣ ትይዛታለህ» አለው አጎቴ።

አባቴ ዛፉን ብዙ አየው። «ተዋት» አለ። «ትሂድ።»

ንቦቹ ጥቂት ቆይተው ተነሡና በገደሉ ላይ አልፈው ሄዱ። አባቴ ከዓይኑ እስኪጠፉ ቆሞ ሸኛቸው። ከዚያ ተቀመጠና ለባዶዎቹ ቀፎዎች በኽምጣኛ አንድ ነገር ተናገረ፣ ምን እንዳለ አልነግርህም። አጎቴ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ማር በጣቱ ነክቶ ቀመሰ። አባቴ ቀና ብሎ ሲያየው «ምን ላድርግ፣ ማር ነው» አለ፤ ከዚያ አንዲቷ ደህና ዓይኑ እንባ ሞላች። እኔስ? ደስ አለኝ። ደስታው ሲመጣ ራሴን ጠላሁት፣ ደስታው ግን አልሄደም። ማታ ዓሣው ሲጠበስ የድርሻዬን ሁሉ በላሁ።

መስከረም ሳይጠባ ሰቆጣ ገባን። አባቴ እንዳለው ዘበኛ ሆነ፤ የተገኘው ሥራ ደግሞ እኔ የምማርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። እጅጌው የሚረዝም ካፖርት ሰጡት። በጓደኞቼ ፊት እንዳያሳፍረኝ፣ እኔም እንዳላፍርበት፣ በር ላይ ስንገናኝ አንገቱን ብቻ ነቅነቅ አድርጎ ያሳልፈኛል። በበጋ ንብ ቧንቧው ላይ ውሃ ልትጠጣ ስትመጣ ልጆቹ በደብተር ሊመቱ ይሽቀዳደማሉ፤ እሱ ካፖርቱን እየጎተተ መጥቶ ይቆጣቸዋል።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ፣ ፈተና ሊደርስ ሲል፣ አንድ ጠዋት አርፍጄ መጣሁ። ሌሊቱን አልተኛሁም። ከበሩ ሌላ ሰው አልነበረም። ቆሜ «አባ፣ ያን ቀን ውሃ አላርከፈከፍኩም» አልኩት። የቱን ቀን ብሎ አልጠየቀኝም።

«አውቃለሁ» አለ። «ጣሳው እጅሽ ላይ ደርቆ አየው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ቁልፉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው። «እኔም ሁለት እጅ ነበረኝ፣ ልጄ» አለኝ። ከዚያ ደወሉ መደወሉን፣ ከዚህ በላይ ካረፈድኩ መምህሩ እንደማያስገባኝ ነገረኝና ትከሻዬን ገፋ አድርጎ አስገባኝ።

እውነቱን ይሁን ወይስ እኔን ለማሳረፍ፣ ማታ ስወጣ እጠይቀዋለሁ ብዬ ነበር። ማታ ፈራሁ፤ ከፈተና በኋላ እጠይቀዋለሁ አልኩ፤ ከዚያ ኮሌጅ ሄድኩ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ታመመ ተብዬ ስደርስ አፉ ተይዞ ነበር። አልጋው ጎን ተቀምጬ በጥጥ ውሃ እየነከርኩ ከንፈሩን አረጥብለት ነበር፤ ሲደርቅ እንደገና፣ ሲደርቅ እንደገና፣ ሦስት ቀን ሙሉ አንዴ እንኳ ሳልዘነጋ።